ሳይታመሙ ካርድ

ተከራያችን የመጣችው ከደቡብ ሱዳን ነበር፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ልትማር። ግቢ ውስጥ ዶርም ሰጥተዋት ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ አልችልም ብላ ወጣችና እኛ ቤት ክፍል ተከራየች። እናቴ ምክንያቱን ስትሰማ፣ "የንጉሥ ልጅ ናት እንዴ?" አለች። ክፍሉን ግን ሰጠቻት። ውሃም በየጠዋቱ ታሞቅላት ጀመር፤ ማሾፏንም አልተወችም።

ቤታችን አማን ከተማ ነው። ከፊት የእናቴ ሱቅ አለ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሽንኩርት። ከኋላ የኪራይ ክፍሎቹ፣ ከእነሱ ወዲያ ጎደሬና ሙዝ የተተከለበት ቁልቁለት። እናቴ ከወልቂጤ በኩል አባቴን ተከትላ መጥታ፣ እሱ ካለፈ በኋላም እዚሁ የቀረች ነጋዴ ናት። እኔ እዚሁ ተወለድኩ፤ አስራ ሁለተኛንም እዚሁ ጨረስኩ። ነጥብ አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ሱቅ መቀመጥ ነው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ የእኔ እኩያ የሆነች ልጅ ድንበር ተሻግራ ለመማር ስትመጣ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ቀናሁባት። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታዋን እንኳ በግማሽ አፌ ነበር የምመልሰው።

የምትቀኚበትን ሰው ደግሞ ዓይንሽ አይለቀውም። አየኋት። ፀሐይ እያለ ካልሲና ሹራብ ታደርጋለች። ውሃ የሞላ ኮዳ ከእጇ አይለይም። ዝናብ ካካፋ ከበር አትወጣም፤ እዚህ አገር ዝናብ ፈርቶ መኖር ማለት ደግሞ ቤት ተቀምጦ ማርጀት ነው። ሱቅ የሚመጡ ሴቶች ውሃ አጠጣጧን እያዩ "ስኳር ሳይኖርባት አይቀርም" ይሉ ነበር። ቁመቷንም ያወሩ ነበር። እናቴ "የኔ ረጅም" ነበር የምትላት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ መጥታ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

"ሐኪምህ የት ነው?" አለችኝ። አማርኛን ከወንዶች ጋር ስለለመደችው እኔንም አንተ ነበር የምትለኝ።

"የምን ሐኪም?"

"ያንተ።"

"እኔ ሐኪም የለኝም።"

"ሲያምህስ?"

"ሲያመኝ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። የተገኘው ያየኛል።"

መልሴን አልወደደችውም። ሁለተኛ ደረጃ የተማረችው ዩጋንዳ ነው፤ እዚያ ገና የገባች ሰሞን፣ ምንም ሳያማት፣ ሄዳ አንድ ሐኪም ጋ ተመዝግባለች። እናቷ ናት ያስተማረቻት፤ አዲስ አገር ስትገቢ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ሲም ካርድ። ይህን የነገረችኝ በእንግሊዝኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ስብርባሪ ቢሆንም ለመስማት ይበቃል።

"ጤነኛ ሰው ምን ያደርግለታል?" አልኳት።

ባንኮኒው ላይ የፈሰሰ ጨው ነበር። በጣቷ ጨው ላይ ክብ ሳለች። የአንተ ደም እንዲህ ነው አለችኝ። ከጎኑ ደግሞ ማጭድ ሳለች። የእኔ እንዲህ ነው አለች። ብርድ ሲመታት፣ ውሃ ሲጠማት፣ ሲደክማት ማጭዶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ደሙ መሄጃ ያጣል። ሕመሙ አጥንት ውስጥ ነው። አብሯት የተወለደ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታላቅ ወንድሟ በዚህ ነው የሞተው። በሞተ ጊዜ የሚያክሙት ለወባ ነበር።

"እዚህም ወባ ነው የሚሉሽ" አልኳት። ክፋት አልነበረውም፤ እውነት ነው። እኛ ጋ ትኩሳት ወባ ነው፣ ራስ ምታት ወባ ነው፣ ቁርጥማት ወባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወባ ነው።

"ለዚህ ነው ዛሬ የምሄደው" አለች። "ሲያመኝ መናገር አልችልም። መጮህ ብቻ ነው የምችለው።"

ጨዉን በእጄ ጠርጌ ሱቁን ዘጋሁና አብሬያት ሄድኩ። ቅናቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ጤና ጣቢያው ሰልፍ ነበር። ተራችን ደርሶ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ስንቆም የካርድ ሠራተኛዋ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ምኗን ነው ያመማት?"

"አላመማትም።"

"እና?"

"ልትመዘገብ ነው። ሐኪም እንዲያውቃት።"

አሁን ቀና አለች። "ሳይታመሙ ካርድ አለ እንዴ?"

ከኋላችን ሳቅ ሆነ። እጁን ገጀራ የቆረጠው አንድ ሰውዬ በሻሽ ጠቅልሎ ቆሞ ነበር፤ "እህቴ፣ ጤነኛ ከሆንሽ ተራሽን ለእኔ ልቀቂልኝ" አላት። እሷም የሚላት የገባት ይመስል ፈገግ አለችለት።

የካርድ ሠራተኛዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ "ራሷን ያማታል ብዬ ላስገባት?" አለችኝ።

ተረጎምኩላት። "አይ" አለች። "ራሴን አያመኝም።"

"ለመግቢያ ያህል ነው" አልኳት።

"መጀመሪያ ቀን ከዋሸሁት ሁለተኛ ቀን አያምነኝም።"

ተናደድኩ። ሰልፉ ይገፋናል፣ ሴትየዋ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ታንኳኳለች፣ ይቺ እንደ ሐውልት ቆማለች። ወይ ግቢ ወይ እንሂድ አልኳት። ሄድን። መንገድ ላይ፣ "አንቺ እዚህ አገር መኖር አትችይም" አልኳት።

"እችላለሁ" አለች። "ሐኪም ካገኘሁ።"

ማታ ለእናቴ እየሳቅኩ ነገርኳት። አልሳቀችም። "በአንቺ አፍ ይዘሻት ሄደሽ ምን ልታገኝ ኖሯል?" አለችኝ። "ሰው ደጅ ሲደረስ መጀመሪያ ሰላም ይባላል።"

ሰኞ ሱቁን ለእኔ ሳትሰጥ ዘግታ፣ ደህናውን ነጠላዋን አጣፍታ እሷ መራችን። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ጎንበስ አለች።

"እንደምን አደርሽ ልጄ። ልጆችሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና፣ ይመስገን እትዬ።"

"ይቺ ልጅ እኔ ቤት ነው ያለችው። እናቷ ሩቅ ናት። እዚህ የሚያውቃት ሰው ይኑር ብዬ አመጣኋት።"

የካርድ ሠራተኛዋ ወደ ልጅቷ አየች። ከዚያ ቀበሌ ስትል እናቴ የእኛን ነገረቻት። ጻፈች። እናቴ እኔ ቅዳሜ ከጠየቅኩት የተለየ ነገር አልጠየቀችም፤ እሷ ግን ሰው ነው ያቀረበችላት፣ እኔ ጥያቄ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ። እናቴ በሩ ላይ ቀረች፤ "የሰው ሕመም እኔ ምን ልስማ" ብላ። እኔ ለማስተርጎም ገባሁ፤ እነሱ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን የማስተረጉመው ብዙ አልነበረም። የበሽታውን ስም ስትነግረው ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"በመጽሐፍ አውቀዋለሁ" አለ። "በዓይኔ አይቼ ግን አላውቅም። እዚህ አገር ብዙ የለም። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

ነገረችው። የሚጀምራት እንዴት እንደሆነ፣ የቱ መድኃኒት እንደሚያስታግስላት፣ መጨረሻ የታመመችው መቼ እንደሆነ። እየጠየቀ ጻፈ። ሲጨርስ ስልክ ቁጥሩን ሰጠን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አስታማሚዋ አንቺ ነሽ?"

"የአከራይዋ ልጅ ነኝ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ሲያማት ይዟት የሚመጣው ማነው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ስሚ። ካርድ ይጠፋል፤ እኔም እዛወራለሁ። አንቺ ያዢው።" አንድ በአንድ ነገረኝና አስደገመኝ። እንደ ተማሪ ቆሜ አልኩለት። እንድትሞቅ። ውሃ። የሕመም ማስታገሻ፣ ቶሎ። ኦክስጅን ያለበት ቦታ፣ ሳይመሽ። ወባ ቢገኝባት እንኳ ወባ ብቻ ነው ብለው እንዳይተዉአት።

"ጎበዝ" አለኝ። ፈተና ከወደቅኩ ወዲህ ይህን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው።

ስንወጣ ልጅቷ እንደ ሕፃን ነበር ደስ ያላት። "አሁን ሐኪም አለኝ" አለች በአማርኛ። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር።

"እማዬ፣ በሽታዋ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ተይ። ስሙን በመንገድ አትጥሪው።"

ቤትም ስንደርስ ያው ነው። ልጅቷ ራሷ "ማማ፣ እኔ ልንገርህ" ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነችባት። "እግዜር ያርቀው ልጄ። አልሰማሁም።" ክፉ ሕመም ስሙን ከጠሩት ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ሰምቶ ይገባል ብላ ነው የምታምነው። አባቴ በምን እንደሞተ እንኳ እስከ ዛሬ ከአፏ ወጥቶ አላውቅም፤ "በዚያው ነገር" ነው የምትለው። እኔም አልታገልኳት። ሐኪም ያውቃል፣ ካርዱ ላይ አለ፣ እኔ አለሁ አልኩ።

ችግሩ እኔ የምቀመጥ ሰው አለመሆኔ ነው። ቴፒ ላይ ቡና ሲደርስ ሥራ አለ ሲሉኝ እናቴን ሳላስጨርስ ሄድኩ። ታጥቦ የወጣውን ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ ማገላበጥ፣ የተበላሸውን መልቀም፣ ደመና ሲመጣ ሸራ ማልበስ ነው ሥራው። ከሱቅ ይሻላል፤ ቢያንስ ቆመሽ ነው የምትውይው። ከልጅቷ ጋር በስልክ እንጻጻፍ ነበር። "እግርህን አሳረፍከው?" ትለኛለች። "አንቺ ሹራብሽን አወለቅሽ?" እላታለሁ።

ኅዳር ላይ፣ ይቆማል የተባለው ዝናብ አልቆመም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሸራ እየጎተትን ሳለ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች። ከጀርባዋ የሚጮህ ሰው ይሰማኛል።

"የኔ ረጅም ታማለች" አለችኝ። "ትናንት ከግቢ ስትመጣ ዝናብ ደብድቧት ገባች። ወባው ተነስቶባታል። ሰውነቷ እሳት ነው። ከጠዋት ጀምሮ በውሃ እያበረድኳት ነው፣ አልበርድ አለች። ጨርቁን ሳስነካት ትጮኻለች።"

"በምን ውሃ?"

"በቀዝቃዛ ነዋ። ትኩሳት በምን ይበርዳል?"

"እማዬ አቁሚ። ጨርቁን ጣይው። አድርቂያት፣ ብርድ ልብስ ያለውን ሁሉ ደርቢላት፣ አሁን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።"

"ትኩሳት ላለው ሰው ብርድ ልብስ..."

ኔትወርኩ ጠፋ። መልሼ ደወልኩ፤ እምቢ አለ። ደወልኩ፤ እምቢ አለ። የሰማችኝ የቱን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ሸራውን ባለበት ትቼው ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ለመውጣት ጊዜ ፈጀ። መንገድ ላይ ለሐኪሙ ደወልኩ። አነሳ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ወዲያው አስታወሰኝ፤ ግን ተዛውሮ ሌላ ከተማ ነው ያለው። ተረኛው ማን እንደሆነ አያውቅም።

"ያልኩሽ ትዝ ይልሻል?" አለኝ።

"ይለኛል።"

"በይው።"

እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ፣ ዶሮ በታቀፈች ሴትና ከማሻ በሚመጣ የማር ነጋዴ መሀል ተቀምጬ አልኩት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "እንደዚያው በያቸው" አለኝና ዘጋ። ዶሮ የያዘችው ሴት፣ "ማን ታሞብሽ ነው?" አለችኝ። ተከራያችን ናት አልኳት። "እግዜር ይማራት" አለችና ዶሮዋን ወደ ሌላ ጉልበቷ አዛውራ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሳስበው፣ እኛ ሐኪም ጋ ነው ያስመዘገብናት። ካርድ ላይ አለች፣ ስልክ ላይ አለች፣ እኔ ጭንቅላት ውስጥ አለች። ስትታመም አጠገቧ የምትገኘው ሰው ጋ ግን አልተመዘገበችም። አፏ ላይ እጅ ተጭኖባት ቀረች።

ጤና ጣቢያ ስደርስ እናቴ አምጥታታለች። ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት የሰማችውን ሳትረዳው ታዝዛልኛለች። ባጃጅ ውስጥ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው ያመጣቻት። ተረኛው ጤና መኮንን ደክሞት ነበር፤ ኮሪደሩ ትኩሳት ባለበት ሰው የተሞላ ነው። የወባ ምርመራው ነጻ ነው ብሎታል፣ ቢሆንም ለወባ ሊጀምርላት ነው። ካርዷ አልተገኘም ነበር።

"ወባ አይደለም" አልኩት። "ቢሆንም ወባ ብቻ አይደለም።" እና የያዝኩትን ሁሉ አልኩት፤ ሳልጮህ፣ ሐኪሙ እንዳስደገመኝ። መኮንኑ ብዕሩን እንደያዘ ሰማኝ። "ስሙን ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት። ልጅቷ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ዓይኗን ሳትገልጥ ጣቷን አነሳች፤ አዎ ማለቷ ነው። አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ተላከች፤ እኔና እናቴም አብረናት ሄድን።

ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ሲደረግላት፣ ግሉኮስ ሲሰቀልላት፣ ጩኸቷ ወደ ማቃሰት ሲወርድ አየሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ አልተጣፋም፤ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ ነው፤ አሁንም እርጥብ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ልጅቷን ስታበርድበት የዋለችው ጨርቅ ደህናው ነጠላዋ ነበር። ለሰው ልጅ ተራ ጨርቅ አላስነካም ብላ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ስሙ ማነው?" አለችኝ።

"የምኑ?"

"የበሽታው። ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ክቡንና ማጭዱን በጣቴ ወለሉ ላይ ሳልኩላት። ብርድ የሚያደርገው ነገር ላይ ስደርስ ጣቴን ከወለሉ አነሳሁ፤ እሷ ግን "ቀጥይ" አለች። ስጨርስ የበሽታውን ስም ደግማ አለችው። የመጀመሪያው ላይ ተሰናከለች፤ እንደገና አለችው። ስለ ቀዝቃዛው ውሃ ነገር ምንም አላለችም፤ ከዚያ ወዲህም አላለችም። እጇን ግን ስታይ አየኋት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ልጅቷ ተረፈች። ዳሌዋ ግን እንደድሮው አልሆነም። ደም አጥቶ የቆየ አጥንት ነው አሉን። በዱላ እየሄደች ዓመቱን ጨረሰች። እናቴ ማሾፏን ትታ ነበርና ልጅቷ ራሷ፣ "ማማ፣ የንጉሥ ልጅ ዱላ ይዛለች" እያለች ታስቃት ነበር። ክረምት ላይ አገሯ ገባች፤ ዳሌዋን የሚያይ ሐኪም ወዳለበት ትሄዳለች ተብሎ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፅ ትልክልን ነበር፤ እናቴ ሱቅ ውስጥ ደጋግማ ታስከፍተኝ ነበር። ከዚያ እየራቀ መጣ። አሁን ቁጥሩ አይሠራም። ስልክ ቀይራ ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። እዚያ ሲያማት አጠገቧ የሚገኘው ሰው የሚያውቅላት ይሁን አይሁን አላውቅም። እናቴም ታስበዋለች፤ አናወራውም።

በዚህ ዓመት ክፍሉን ሌላ ተማሪ ተከራየችው፤ ከቱም ከተማ የመጣች፣ ዝምተኛ ልጅ። እቃዋን ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆማ ሳለ እናቴ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ጠየቀቻት።

"ምን ያምሻል ልጄ?"

"እኔ? ምንም።"

"አሁን አላልኩሽም። ሲያምሽ።"

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እናቴ ባንኮኒው ላይ ያለውን ጨው በመዳፏ ጠርጋ ለእቃዋ ቦታ አደረገችላትና፣ "ተቀመጪ፣ ንገሪኝ" አለቻት። ቁልፉን ገና አልሰጠቻትም።